ቤት ለሚማሩ ልጆች መንፈሳዊ መጽሐፍ እንዴት ነው የምትመርጡት?

ማሚ ዘ4ኪሎ

ሰላም ለዚህ ቤት። ሁለት ልጆቼን (9 እና 6 አመት) ቤት ነው የማስተምራቸው፣ አራት ኪሎ አካባቢ ነን። «ለምን ትምህርት ቤት አላስገባሻቸውም» የሚለውን በናታችሁ ለሌላ ቀን አቆዩልኝ፣ ዘመድ አዝማድ በየቡናው ስለሚጠይቀኝ መልሱ ራሱ ሰልችቶኛል። አሁን የጨነቀኝ የመጽሐፍ ነገር ነው።

የምንጠቀመው ካሪኩለም ከአሜሪካ የመጣ የክርስቲያን ሆምስኩል ካሪኩለም ነው፣ የባለቤቴ እህት ሰው በመጣ ቁጥር በሻንጣ እየከፋፈለች ነው የምትልክልን። ሒሳቡና ሳይንሱን ምንም አልለውም፣ እንግሊዝኛቸውም በሱ ነው የተፈታው። አብሮት የሚመጣው የእምነት መጽሐፍ ላይ ስንደርስ ግን ነገር ይመጣል። እኛ ኦርቶዶክስ ነን። መጽሐፉ ላይ ጾም የሚባል ነገር የለም፣ እመቤታችን ገና ሲደርስ ብቅ ትልና ከዛ ወዲያ አትታይም፣ ገናው ራሱ በረዶ ላይ ነው። በዛ ላይ ልደትን ሁለቴ ነው የምናነበው፣ አንዴ በነሱ ዲሴምበር 25 ላይ፣ አንዴ በኛ ታኅሣሥ 29 ላይ፣ ትንሿ ጌታ በአመት ሁለቴ የሚወለድ ነው የሚመስላት።

ትልቁ ደግሞ ሰሞኑን የሠለስቱ ደቂቅን (እሳት ውስጥ የተጣሉትን ሦስቱን ልጆች) ታሪክ እያነበበ መጣና «እማ፣ ገብርኤልን ለምን አወጡት?» አለኝ። ገልጬ ሳየው እሳቱ ውስጥ አራተኛ ሰው አለ፣ ነጭ የለበሰ፣ ክንፍ የለውም፣ ስምም አልተጻፈለትም። ልጁ ታኅሣሥ 19 ገብርኤልን እያነገሠ ያደገ ልጅ ነው እኮ። «ተሳስተው ነው» ብለው ነገ የሒሳቡንም አያምነኝም፣ «እነሱ ልክ ናቸው» ብለው ደግሞ ቤተክርስቲያን የሰማው ምን ሊሆን ነው። በኋላ እነግርሃለሁ ብዬ አሳደርኩት፣ እሱ ግን ረስቶት እንዳይመስላችሁ።

«እንግዲያው የአማርኛ ግዢ» እንዳትሉኝ ገዝቻለሁ። አንዱ አይነት ለትልቅ ሰው ተጽፎ ስዕል የተጨመረበት ነው፣ አረፍተ ነገሩ ሳይጨርስ ገጹ ያልቃል። ሌላው አይነት ደግሞ ስስ ብላ በየታሪኩ መጨረሻ «ስለዚህ ልጆች እኛም...» እያለች የምትመክር ናት፣ ልጆቼ እዛ ጋ ሲደርሱ ራሳቸው ይዘጉታል። ገድልማ ለ6 አመት ልጅ እንዴት እንደሚነበብ አላውቅም።

መስፈርታችሁ ምንድነው? ሳትገዙ በፊት ምኑን ነው የምታዩት? ከየትስ ትገዛላችሁ?

ሰንበቴ

እኔም ይሄንኑ ልጠይቅ ስል ነው የቀደምሽኝ፣ መልስ ጠባቂ ነኝ።

የየኔታ ተማሪ

እህቴ ጥያቄሽ ደስ ይላል፣ ትንሽ ላስረዝምብሽ ነው። እኔ ቄስ ትምህርት ቤት ነው ፊደል የቆጠርኩት፣ አሁን የራሴን ልጆች ከትምህርት ቤት መልስ ማታ ማታ አስተምራለሁ፣ እንዳንቺ ሙሉ ቀን አይደለም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ የእምነቱን መጽሐፍ ለምን ከዛ ሻንጣ ውስጥ ትፈልጊያለሽ? ሒሳቡ ከዛ ይምጣ፣ እንግሊዝኛው ከዛ ይምጣ። የእምነቱ ግን ከኛ ዘንድ የተዘጋጀ ተራ አለው እኮ። ፊደል፣ ከዛ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዛ ወንጌል፣ ከዛ ዳዊት። የኔታዎቹ መጀመሪያ የዮሐንስን መልእክት የሚያስነብቡት ዝም ብለው አይመስለኝም፣ አንደኛይቱን ገልጠሽ እያት፣ ብርሃን፣ ጨለማ፣ ፍቅር፣ ወንድም፣ እነዚሁ ቃላት ናቸው እየዞሩ የሚመጡት፣ ንባብ ለጀመረ ልጅ ከዚህ የተሻለ የለም። ምዕራፍ 2 ላይ ደግሞ «ልጆቼ ሆይ» ብሎ ነው የሚጀምረው፣ የኔ ልጅ እዛ ጋ ስንደርስ «ለኛ ነው እንዴ የጻፈው?» ብላ ቀና ብላ ተቀመጠች።

እኛ ቤት በአማርኛ ነው የምናነበው፣ ግዕዙን ለዜማ ያህል ብቻ። ካሪኩለም ለማለት ያህል፦ ጠዋት የዕለቱን ውዳሴ ማርያም (በሰባቱ ቀን ስለተከፈለ ልጅ ዛሬ ሰኞ ይሁን ማክሰኞ በሱ ነው የሚያውቀው)፣ ማታ የዕለቱን ስንክሳር (በየቀኑ የሚታሰቡትን ቅዱሳን ታሪክ)። ስንክሳሩን ግን እንዳለ አታንብቢላቸው። አንቺ ቀድመሽ አንብቢው፣ ከዛ ዘግተሽው በራስሽ አፍ ንገሪያቸው። ለትልቁ የበለጠውን፣ ለትንሿ የሚበቃትን። የገድል ጥያቄሽም መልሱ እዚሁ ያለ ይመስለኛል፣ ገድል ድሮም ለልጅ በእጁ አይሰጠውም፣ ካህን ወይ ወላጅ አንብቦ ነው የሚነግረው። ስንክሳሩ ላይ ከየቅዱሱ ታሪክ መጨረሻ «ሰላም» ብሎ የሚጀምር ቤት የሚመታ ግጥም አለ፣ አርኬ ይባላል፣ እሱን በግዕዙ ትርጉሙን ሳያውቁትም ይይዙታል፣ ለዜማው ብለው።

አንድ ነገር ደግሞ ተጠንቀቂ፣ ካሪኩለሙ «መዝሙር 23ን በቃል» ካለሽ በግዕዙ ዳዊት 22ኛው ነው። 9ኛውና 10ኛው በግዕዙ አንድ ስለሆኑ ከዛ ወዲህ ያለው በአንድ ይወርዳል። እኔ ዘንድ ልጆቹ ከሰንበት ትምህርት ቤት መጥተው «አባ፣ ያንተ ቁጥር ስህተት ነው» እያሉ ይሟገቱኝ ነበር፣ ሁለቱንም ቁጥር ኅዳጉ ላይ በእርሳስ ጻፊላቸው ይገላግልሻል።

ጸጋ ሜክሲኮ

ሰላም እህቴ ጌታ ይባርክሽ። እኔ ፕሮቴስታንት ነኝ፣ ሦስት ልጆቼን ቤት ነው የማስተምረው፣ ካሪኩለማችን ካንቺው ጋር አንድ ሳይሆን አይቀርም (በረዶው ላይ ስትደርሺ ሳቄ መጣ)። የኦርቶዶክሱን ነገር ለናንተው ልተወውና የልጅሽ ጥያቄ ግን እኛም ቤት መጥቷል፣ በተቃራኒው። የጎረቤት ልጅ «እሳት ውስጥ የገባው ገብርኤል ነው» ብሏት ልጄ እያለቀሰች መጣች፣ የኛ አስተማሪዎች ደግሞ ብዙዎቹ ክርስቶስ ነው ይላሉ።

እኔ ያደረግኩት፣ የልጆቹን መጽሐፍ ዘግቼ መጽሐፍ ቅዱሱን ከፈትኩ። ዳንኤል 3። ቁጥር 25 ላይ ናቡከደነፆር ያየውን ነው የሚናገረው፣ «የአራተኛውም መልክ የአማልክትን ልጅ ይመስላል» ይላል። ቁጥር 28 ላይ ራሱ ንጉሡ «መልአኩን የላከ» ብሎ አምላካቸውን ይባርካል። ስም የለም። እንግዲህ የናንተ ቤተክርስቲያን መልአኩ ገብርኤል ነው ብላ ተቀብላ ታስተምራለች፣ የኛዎቹ ሌላ ይላሉ፣ ፈረንጁ ሰዓሊ ደግሞ አንዱንም ላለማስቀየም ክንፉን ቆርጦት ነጭ አልብሶት ሄደ። ለ9 አመት ልጅ ይሄ አይከብደውም። «ያወጡት የለም፣ ስሙን እኛ ከቤተክርስቲያናችን ነው የሰማነው፣ እነሱ ደግሞ የጻፉት ገጹ ላይ ያለውን ብቻ ነው» ብትዪው ይገባዋል፣ እንዲያውም የቱ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ይለምዳል። ይሄ ደግሞ ሆምስኩል የምናደርግበት አንዱ ምክንያት መስሎኝ።

መስፈርት ላልሽው የኔ አንድ ነው። ታሪኩን ከመጽሐፍ ቅዱሱ አንብቤ ከዛ የልጆቹን መጽሐፍ አነባለሁ፣ ምን ቀነሰ ምን ጨመረ። መቀነሱ ብዙም አያናድደኝም፣ ልጅ ሁሉን መስማት የለበትም። መጨመሩ ነው የሚያናድደኝ። ዳዊት ጎልያድን የገደለው «በራሱ ስለተማመነ» ነው የሚል አንድ አለ መደርደሪያዬ ላይ፣ በራስህ ተማመን ምናምን። ልጁ እኮ ሰይፍና ጦር ይዘህ መጣህብኝ እኔ ግን በእግዚአብሔር ስም እመጣብሃለሁ ነው ያለው! ይሄን ያወጣ መጽሐፍ ሽፋኑ ላይ ክርስቲያን ተብሎ ስለተጻፈበት ብቻ አላስገባውም፣ ከሱ የኛው የጦጣና የአያ ጅቦ ተረት በስንት ጣዕሙ።

ሌላው ለንባብ የምትጠቀሚውን ትርጉም እዪው። ለልጅ የ1954ቱ ይከብዳል፣ እኔ አዲሱ መደበኛ ትርጉምን ነው የማስነብባቸው፣ በቃል የሚይዙትን ጥቅስ ግን ከ1954ቱ፣ ምክንያቱም እናቴም አያቴም የሚጠቅሱት እሱን ነው፣ አብረው ሲሉት ደስ ይላል።

ካዛንቺስ ነበርኩ

ኧረ በእግዚአብሔር፣ ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን አስፈለገ። እሁድ እሁድ ሰንበት ትምህርት ቤት ላኪያቸው እዛ መዝሙሩንም ታሪኩንም ይማራሉ ከእኩዮቻቸው ጋርም ይጫወታሉ። ልጅን ቤት ዘግቶ በፈረንጅ መጽሐፍ ማሳደግ ከዛ ገብርኤል የት ሄደ ማለት...

ማሚ ዘ4ኪሎ

@ካዛንቺስ ነበርኩ ይላካሉ ወንድሜ፣ አልቀሩም፣ ቅዳሜም እሁድም። ግን እዛ በሳምንት የተወሰነ ሰዓት ነው፣ ቀሪውን ቀን የሚያነቡት ነው አሳቢ ያደረገኝ። የዘጋሁባቸውም ነገር የለም ግቢው ሙሉ ልጅ ነው።

@ጸጋ እግዜር ይስጥልኝ፣ የዳንኤልን አሁኑኑ ከፍቼ አነበብኩት፣ 28ን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። የሦስቱ ልጆች ጸሎትና መዝሙር ደግሞ በኛ በ81ዱ የመጽሐፍ ቅዱስ መጻሕፍት ውስጥ ስላለ እሱንም አብሬ አነብለታለሁ፣ እሳቱ መሀል እየዘመሩ መሆኑን የእንግሊዝኛው ጨርሶ አያነሳውም።

@የየኔታ ተማሪ የቁጥሩን ነገር ስላነሳህ ተባረክ፣ እኔ ማተሚያ ቤቱ የተሳሳተ ነበር የመሰለኝ።

ቀለምና ብሩሽ

የቤተክርስቲያን ሥዕል ነው ሥራዬ፣ ስለ መጽሐፍ ብዙም አላውቅም ግን አንድ ነገር ልበል። ልጅሽ ክንፉን የፈለገው ግድግዳ አንብቦ ስላደገ ነው። የኛ አባቶች መጽሐፍ ባልተባዛበት ዘመን ልጅንም ገበሬንም ያስተማሩት በግድግዳ ነው፣ ስለዚ ከመጽሐፉ ጋር አብረሽ ግድግዳውን አስነብቢያቸው። የድሮውን አሣሣል ከሆነ የምታዪው ጻድቁ ሰው ፊቱ ሙሉ ነው ሁለት ዓይኑም ይታያል፣ ክፉው ደግሞ በጎን ነው የሚሣለው፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው። ይሁዳን፣ አርዮስን፣ ሰይጣኑን እንደዛ ነው የምታገኚያቸው። ይሄን አንዴ ንገሪያቸውና ልቀቂያቸው፣ ማን ክፉ ማን ደግ እንደሆነ ራሳቸው እየቆጠሩ ሙሉ ግድግዳ ይጨርሱልሻል። ቅዳሴ ሰዓት ግን አታድርጊው ዲያቆኖቹ ይቆጡሻል።

መጽሐፍ ስትገዢም ሥዕሉን እዪ። የልጆች መጽሐፍ ላይ ከኢንተርኔት የተለቀመ የፈረንጅ ሥዕልና የኛ ሥዕል አንድ ገጽ ላይ ተቀላቅሎ አያለሁ፣ አብርሃም አንዱ ገጽ ላይ ቀይ ፂም ያለው፣ ቀጣዩ ላይ ጥምጥም ያደረገ የጎጃም ሽማግሌ። ልጅ ግራ ይገባዋል። ሥዕሉ ላይ ያልደከመ ጽሑፉ ላይ ደክሟል ብዬ አላምንም፣ የሙያ ነገር ሆኖብኝ ይሆናል።

የቂርቆስ ልጅ

የገድሉን ነገር ማንም ሰፋ አድርጎ አልመለሰም። እኔ የትንሽ ልጅ እናት ነኝ፣ ቂርቆስ ነው ያደግኩት፣ ስለዚህ የቅዱስ ቂርቆስን ታሪክ ከፊደል በፊት ነው የሰማሁት ማለት ይቻላል። የ3 አመት ሕፃን፣ እናቱ ኢየሉጣ፣ የሚፈላ ውኃ። አስቢው እስቲ እንደ ታሪክ ለልጅ ሲነገር። ግን እኔ ፈርቼ አላውቅም፣ ምክንያቱም አያቴ ስትነግረኝ ውኃው ላይ ቶሎ ታልፍና ልጁ እናቱን ሲያበረታታት ያለውን ታስረዝመዋለች፣ እናት ፈራች፣ ሕፃኑ አይዞሽ አላት፣ ገብርኤል ውኃውን አቀዘቀዘው። ሐምሌ 19 ሲመጣ ደግሞ ያንኑ ታሪክ በእልልታ አየዋለሁ። በቅርቡ ግን አንድ የልጆች ተብሎ የተጻፈ ገዛሁ፣ ማሰቃያውን መሣሪያ አንድ በአንድ ይዘረዝራል፣ የንጉሡን ቁጣ ይዘረዝራል፣ ልጁ የተናገረው አንድ መስመር ናት። የኔ ልጅ እዛ ቀን መብራት ይብራልኝ ብላ ነው የተኛችው።

እና የኔ መስፈርት እሱ ነው፣ የሰማዕት ታሪክ ሲሆን ገጹ ብዙውን ቦታ ለማን ሰጠው? ለገዳዩ ነው ወይስ ለሰማዕቱ? መደብር ውስጥ ቆመሽ በሁለት ደቂቃ ታውቂዋለሽ።

መጽሐፍ አዟሪ ዘለገሃር

ከየት ትገዛላችሁ ላልሽው፣ ፒያሳ የለመድሽው ሱቅ ካለ ቀድመሽ ደውዪ፣ በ2016 ከፈረሰው ሠፈር ጋር የተነሳ ብዙ ነው። ያንቺ ሠፈር ግን የታደለ ነው። አምስት ኪሎ የማኅበረ ቅዱሳን መደብር አለልሽ በእግርሽ ነው። አሮጌ መጽሐፍ ከፈለግሽ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ የሚያዞሩት ጋ እዪ፣ የድሮ እትም አንዳንዴ ከአዲሱ የተሻለ አማርኛ ነው ያለው፣ ፊደሉም ትልልቅ። ገልጠሽ ስታዪ ግን ስፌቱን ቆንጠጥ አድርጊው፣ በማጣበቂያ ብቻ የተያዘ ከሆነ ለሁለት ልጅ አይበቃም ገጹ ይረግፋል።

ሌላ ደግሞ ሳትገዢ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ይዘሻቸው ግቢ፣ እዛው አራት ኪሎ ፓርላማው ፊት ለፊት። የልጆች ክፍል አለው። ልጁ ራሱ አንስቶ የሚያነበውን እዪ፣ ምን ያህል መስመር ያለበት ገጽ እንደሚጨርስ እዛ ታውቂያለሽ። ወላጅ መደብር መጥቶ ለልጁ የሚገዛው ልጁ እንዲሆንለት የሚፈልገውን ነው እንጂ ልጁ የሚያነበውን አይደለም፣ ስንቱን ሸኝቻለሁ።

ጸጋ ሜክሲኮ

@መጽሐፍ አዟሪ ሃሃ እውነት ነው። አንድ ነገር ረስቼ፣ እህቴ ካሪኩለምሽ ላይ ናሬሽን የሚባል ካለ አትዝለዪው። ሻርሎት ሜሰን የምትባል እንግሊዛዊት አስተማሪ ናት (1842–1923 እንደ ፈረንጆቹ) ይሄን ያስፋፋችው፣ አንዴ አንብቢለት፣ ደግመሽ አታንብቢ፣ ጥያቄም አትጠይቂው፣ «በል ንገረኝ» ብቻ። ልጁ መልሶ የሚነግርሽ ታሪክ ካለው መጽሐፉ ጥሩ ነው። ምክሩን ብቻ ከነገረሽ፣ «እንትን... ጎበዝ ሁኑ ነው የሚለው» ካለሽ፣ በቃ መጽሐፉ ውስጥ ታሪክ የለም ማለት ነው። ያቺን «ስለዚህ ልጆች» የምትለውን መጽሐፍሽን በዚህ ሞክሪያት። እና ናሬሽኑን በአማርኛ አድርጊው፣ መጽሐፉ እንግሊዝኛ ቢሆንም። የኔዎቹ አማርኛቸው የተስተካከለው በሱ ነው።

የየኔታ ተማሪ

@ጸጋ የኔታም እንደዛ ነበሩ እኮ፣ «በል አሰማ» ነው የሚሉት፣ ልዩነቱ ካላሰማህ አለንጋ አለ።

ማሚ ዘ4ኪሎ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንግዲህ ያሰብኩትን ልንገራችሁ፣ የካሪኩለሙን የእምነት መጽሐፍ አልጥለውም፣ ወደ እንግሊዝኛ ንባብ መደርደሪያው ነው የማዞረው፣ ማለትም እንደ እንግሊዝኛ መጽሐፍ ይነበባል፣ ልዩነት ሲመጣ የዳንኤልን ባደረግንበት መንገድ ከፍተን እናያለን። የእምነቱ ሰዓት ላይ መልእክተ ዮሐንስና ስንክሳሩ ይገባል፣ ስንክሳሩን እኔ በአፌ ነው የምነግራቸው። ትንሿ የገድል መጽሐፍ ለጊዜው አያስፈልጋትም። ቅዳሜ ደግሞ ግድግዳ።

ለትልቁ ማታውኑ 25ንም 28ንም አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰማና «ታዲያ ናቡከደነፆር ገብርኤልን አያውቀውም ነበር ማለት ነው» ብሎኝ ራቱን ሊበላ ሄደ። እኔ ይሄን አላሰብኩትም ነበር።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ፣ የልጆች ስንክሳር የሚመስል፣ በየወሩ የተከፈለ በቀላል አማርኛ የተጻፈ ያየ ሰው አለ? ከሌለ እኔ የምነግራቸውን እየጻፍኩ ነው፣ መስከረምን ጀምሬአለሁ። @የቂርቆስ ልጅ አያትሽ የምታስረዝማትን የቂርቆስን ንግግር የምታስታውሺውን ያህል ጻፊልኝ እስቲ፣ ሐምሌ ላይ አስገባታለሁ።

የቂርቆስ ልጅ

እሺ የኔ እህት፣ እናቴን ጠይቄ ነገ ማታ እጽፍልሻለሁ፣ እሷ ነች በደንብ የያዘችው።